ቀለሃው ለጠመንጃችሁ ልክ ይሁን፦ የሄድስፔስና የሪሳይዝ አሠራር ለቦልት አክሽን

መጀመሪያ እኔ ያበላሸሁትን ልንገራችሁና ከዛ ወደ አሠራሩ እንገባለን። የተተኮሰ ቀለሃ በአዲስ ፕራይመር (ቂጡ ላይ ያለችው ባሩዱን ምታቀጣጥል ቆብ)፣ ባሩድና አረር መልሼ መሙላት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ እዚህ ኮሎራዶ፣ ለኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር) አደን የማዘጋጀውን 308 ዊንቸስተር ጥይት ኢላማ ላይ እየሞከርኩ ነበር፣ አንዱን ተኮስኩና ቦልቱን (በእጅ ሚሳበውን መዝጊያ) ስስበው የወጣው የቀለሃው ቂጥ ብቻ ነው። ገላው ከነአንገቱ ቻምበሩ (በርሜሉ ኋላ ላይ ጥይቱ ሚቀመጥበት ቦታ) ውስጥ እንደተሰነቀረ ቀረ። ትንሽ ጭስ ወደ ፊቴ መጣ፣ መነጽር አድርጌ ስለነበር ምንም አልሆንኩም፣ ጠመንጃውም ተረፈ። ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤት የሄድኩት።

ያ ቀለሃ ስድስተኛ ዙሩ ነበር። ባሩዱ አልበዛም፣ ከባሩድ ልክ መጽሐፉ መነሻ ልክ ብዙም ያልራቀ ነበር። ጥፋቱ ዳዩን ያሰርኩበት መንገድ ነው። ዳይ ማለት ፕሬስ ሚባለው መጫኛ ላይ ታስሮ የተተኮሰውን ቀለሃ ጨምቆ ወደ ልኩ ሚመልስ ብረት ነው፣ ሥራው ሪሳይዝ ይባላል። ከዳይ ጋር የሚመጡት ወረቀቶች ብዙዎቹ ሚሉት አንድ ነው፣ ሼል ሆልደሩን (ቀለሃውን ከታች ሚይዘውን) እስኪነካ አዙር ከዛ ትንሽ ጨምር። እኔም እንደ ታዘዝኩት አደረግኩ። በያንዳንዱ ዙር የቀለሃውን ትከሻ (ገላው ወደ አንገቱ ሚጠብበትን ቦታ) ወደ ኋላ 8 ሺህኛ ኢንች (0.008) እየገፋሁት ነበር ማለት ነው፣ ጠመንጃው ደሞ በተኮስኩ ቁጥር መልሶ 8 ሺህኛ ይለጥጠዋል። ናስ ስንት ጊዜ ይለጠጣል? ስድስተኛው ላይ በቃኝ አለ።

ስለዚ ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሚለው ይሄንን ነው፣ የዳዩ ወረቀት የእናንተን ጠመንጃ አያውቀውም፣ ልኩን ሚነግራችሁ ከራሳችሁ ጠመንጃ የወጣ ቀለሃ ነው።

ሕጉን በአጭሩ፦ አሜሪካ ውስጥ ለራሳችሁ መተኮሻ ጥይት መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም፣ ሞልቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ግድ ነው፣ የየስቴቱን ሕግ ደሞ እናንተው እዩ። አገር ቤት ላላችሁ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ 1177/2012 ነው ሚመራው፣ ይሄንን አንብባችሁ ጓዳ ውስጥ ሥራ እንዳትጀምሩ።

ሄድስፔስ ምንድነው

ጥይት ማጉረስ እንላለን አይደል፣ እንግዲህ ቻምበሩን እንደ አፍ፣ ጥይቱን እንደ ጉርሻ ቁጠሩት። ቦልቱ ሲዘጋ የቦልቱ ፊት ከኋላ ነው፣ የቻምበሩ ትከሻ ከፊት ነው፣ በነዚህ ሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ሄድስፔስ ይባላል። እንደ 308፣ 30-06፣ 6.5 ክሪድሞር ያሉት ጠርዛቸው ከገላቸው የማይወጣ፣ አንገታቸው የጠበበ ጥይቶች ወደ ፊት እንዳይሄዱ ሚይዛቸው ትከሻቸው ነው። እንደ 303 ብሪቲሽና 30-30 ያሉት ደሞ የሚያዙት በታች በኩል በወጣው ጠርዛቸው ነው፣ 300 ዊን ማግ ደሞ ቂጡ አካባቢ እንደ ቀበቶ ያለ ነገር አለው፣ በወረቀት ላይ በሱ ነው ሚለካው። እኔ እዚህ ማወራው በትከሻ ስለሚያዙት ነው።

ርቀቱ ለቀለሃው ከሰፋ ምን ይሆናል? ሰፊ ጫማ አድርጎ እንደ መሮጥ ነው፣ ውስጡ መንሸራተት አለ። መቺው መርፌ ፕራይመሩን ሲመታ መጀመሪያ ቀለሃውን ሙሉ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ከዛ ባሩዱ ሲቀጣጠል የቀለሃው ስስ ግድግዳ ተነፍቶ የቻምበሩን ግድግዳ ጭምድድ አርጎ ይይዛል፣ ቂጡ ግን ወፍራም ስለሆነ አይነፋም፣ ግፊቱ ወደ ኋላ እየገፋው ሄዶ የቦልቱን ፊት እስኪያገኝ ይጓዛል። ፊቱ ተይዟል ኋላው ይሄዳል፣ መሀል ያለው ናስ ይለጠጣል። ሚለጠጠው ሁሌ አንድ ቦታ ነው፣ ከቂጡ ትንሽ ከፍ ብሎ ወፍራሙ ናስ ወደ ስስ ሚቀየርበት። የኔም የተቆረጠው እዛው ነው።

ርቀቱ ከጠበበ ደሞ ቦልቱ አይዘጋም ወይም በግድ ነው ሚዘጋው። ኤልክ ፊታችሁ ቆሞ ቦልቱ እምቢ ሲል ምን እንደሚሰማ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጠመንጃውን መጀመሪያ

ቀለሃ ከመንካታችሁ በፊት የጠመንጃው ሄድስፔስ ራሱ ጤነኛ መሆን አለበት፣ በተለይ ያገለገለ የድሮ ማውዘር ነገር ከገዛችሁ ወይም በርሜል ከቀየራችሁ። ለዚህ ጌጅ ሚባሉ በጣም በትክክል የተቀረጹ የብረት ጥይት መሳዮች አሉ፣ ጎ፣ ኖ ጎ እና ፊልድ ይባላሉ። ለ308 ጎ 1.630 ኢንች፣ ኖ ጎ 1.634፣ ፊልድ 1.638 ናቸው። እዩት ልዩነቱን፣ በያንዳንዱ መሀል 4 ሺህኛ ኢንች ነው፣ አንድ ተራ የፕሪንተር ወረቀት ውፍረት በሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ ብቻ ሳይሆን በጣታችሁም ዳስሱት፣ እውነተኛ ጥይት ያለበትን ካርቶን ከክፍሉ አውጡት። ከቦልቱ ላይ መቺውን መርፌ ከነስፕሪንጉ ፍቱ። የቦልቱ ፊት ላይ ቀለሃውን ወደ ጎን ሚገፋ በስፕሪንግ የሚሠራ ኢጀክተር ካለው እሱንም አውጡት፣ ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል ግን ስፕሪንጉ ጌጁን ስለሚያንጋድደው ስሜቱን ያጠፋባችኋል። ቻምበሩንና የቦልቱን ፊት በደንብ ጥረጉ፣ ያቺ ደረቅ ቅባትና ቆሻሻ ብቻዋን 1 ወይም 2 ሺህኛ ትሆናለች። ከዛ ጎ ጌጁን ኤክስትራክተሩ (ቀለሃውን ጎትቶ ሚያወጣው የቦልቱ ጥፍር) ሥር አስገቡና ቦልቱን በሁለት ጣት ብቻ ዝጉት። መዝጋት አለበት። ኖ ጎውን አስገቡ፣ መዝጋት የለበትም። በጣት ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው፣ የቦልት እጀታ ጉልበቱ ከባድ ነው፣ በኃይል ከጫናችሁት ኖ ጎ ላይም ይዘጋላችኋል፣ ያኔ ወይ ጌጁን ወይ ቻምበሩን አበላሻችሁ።

ኖ ጎ ላይ ዘግቶ ፊልድ ላይ ካልዘጋ ያረጀ ጠመንጃ ነው፣ ጠመንጃ ሠሪ አይቶት ይወስን። ፊልድ ላይ ከዘጋ አትተኩሱት፣ አለቀ፣ ክርክር የለውም።

ኖ ጎ ለመግዛት ለማይፈልግ ብዙዎቻችን የምንጠቀማት ዘዴ አለች፣ የጎ ጌጁ ቂጥ ላይ ስኮች ቴፕ መለጠፍ። አንድ ድርብ ቴፕ ወደ 2 ሺህኛ ኢንች ነው፣ የእናንተን በካሊፐር (ሺህኛ ኢንች ሚያነብ መለኪያ) ለኩት። ቴፑን ልክ በጌጁ ቂጥ ክብ ቁረጡት፣ በሁለት ድርብ ላይ ቦልቱ እምቢ ካለ ጥሩ ነው።

በርሜል ራሳችሁ ለምትቀይሩ

ሳቬጅ ሚባለው ጠመንጃ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሳቬጅ ከ1958 ሞዴል 110 ጀምሮ በርሜሉን ሚያስረው በትልቅ ነት ነው፣ ስለዚ ሄድስፔሱን ቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ሬሚንግተን 700 እና ማውዘር ግን በርሜላቸው ራሱ ትከሻ ኖሮት ነው ከሪሲቨሩ (ቦልቱ ሚገባበት የጠመንጃው አካል) ጋር ገጥሞ ሚጠብቀው፣ እዛ ላይ ልክ ሚወጣው በቶርኖ ነው፣ ለባለሙያ ስጡት።

ለሳቬጅ፣ የተራቆተውን ቦልት ከነጎ ጌጁ ሙሉ በሙሉ ዝጉት፣ ሪኮይል ሉጉን (የተኩሱን ግፊት ወደ እንጨቱ ሚያስተላልፈውን ብረት) ቦታው ላይ አድርጉ፣ በርሜሉን በእጃችሁ እያዞራችሁ አስገቡት፣ ጌጁን ነካ ሲያደርግ ቁሙ። ነካ ሲያደርግ ነው ያልኩት፣ አትጫኑት። በርሜሉ እንዳይዞር ይዛችሁ ነቱን በቁልፉ አጥብቁ። አሁን ወጥመዱ ይሄ ነው፣ ነቱ ሲጠብቅ የጥርሱን ልቅነት ስለሚወስደው በርሜሉን በጣም ትንሽ ወደ ፊት ሊስበው ይችላል፣ ሄድስፔሱ ከነበረበት ከፍ ይላል። ስለዚ ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና በጎና በኖ ጎ ፈትሹ፣ ካልሆነ ፍቱና ድገሙ። እኔ የመጀመሪያዬን በርሜል ሦስቴ ፈትቻለሁ። የሳቬጅ በርሜል ጥርስ በአንድ ኢንች 20 ነው፣ ስለዚ አንድ ሙሉ ዙር 50 ሺህኛ ኢንች ነው፣ ከጎ እስከ ኖ ጎ ያለው 4 ሺህኛ ማለት ከሙሉ ዙር አንድ አስራ ሁለተኛው እንኳ አይሞላም፣ የሰዓት ዘንግ 5 ደቂቃ እንደ መሄድ ነው። ትንሽ ስታዞሩ ብዙ እንደሄዳችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ቀለሃው

ሚያስፈልጋችሁ፦ ካሊፐር፣ ኮምፓሬተር (ካሊፐሩ ላይ ሚታሰር፣ የቀለሃውን ትከሻ መሀል ላይ ሚይዝ ቀዳዳ ያለው)፣ ፕሬስ፣ ፉል ሌንግዝ ዳይ (ገላውንም አንገቱንም ሚጨምቅ)፣ ፕራይመር ብቻ ሚያወጣ ዳይ፣ ቅባት፣ ማርከር። ኮምፓሬተሩ ከሆርናዲ ከሆነ ለ308 እና ለ6.5 ክሪድሞር የ.400ውን ቀዳዳ፣ ለ30-06 የ.375ቱን ነው ምትጠቀሙት፣ ትከሻው ሚለካበት ነጥብ ዲያሜትሩ እዛ ስለሆነ።

ከገዛችሁት ቀን ጀምሮ ልብ በሉ፣ ኮምፓሬተሩ ሚሰጣችሁ ቁጥር እውነተኛው ሄድስፔስ አይደለም። ቀዳዳው አፉ ላይ ትንሽ ክብ ስላለ 1.630 መሆን ያለበትን 1.624 ሊላችሁ ይችላል። ችግር የለውም፣ ምክንያቱም እናንተ ምትፈልጉት ልዩነቱን ነው፣ ከመተኮሱ በፊትና በኋላ ስንት ሄደ፣ ከዳዩ በፊትና በኋላ ስንት ተመለሰ። ግን ከጓደኛችሁ ቁጥር ጋር እንዳታወዳድሩት። አንድ ጓደኛዬ የኔን ቁጥር በስልክ ተቀብሎ ዳዩን በሱ አስሮ መቶ ቀለሃ ሠራ፣ መቶውም ጠመንጃው ውስጥ አልገባም፣ እስካሁን ያነሳብኛል።

መለካት፦ ከራሳችሁ ጠመንጃ የተተኮሱ 5 ቀለሃዎች ውሰዱ፣ ከተኩስ ሜዳ የተለቀመ ወይም የሌላ ሰው አይሆንም። መጀመሪያ ፕራይመሩን በዛ ፕራይመር ብቻ በሚያወጣው ዳይ አውጡ፣ ገላውን ሳትነኩ። የተተኮሰ ፕራይመር ቂጡ ላይ ትንሽ ጉብታ ይኖረዋል፣ እሱን ይዛችሁ ከለካችሁ ውሸት ቁጥር ነው ምታገኙት። ቂጡን ጥረጉ፣ ካሊፐሩን ከነኮምፓሬተሩ ዜሮ አድርጉ፣ አምስቱንም ለኩ፣ ጻፉ፣ ረጅሙን ውሰዱ። ለምሳሌ የኔ ጠመንጃ 1.625 ይለኛል። አዲስ ያልተተኮሰ ቀለሃ በዛው መለኪያ 1.619 ነበር። 6 ሺህኛ በመጀመሪያው ተኩስ ብቻ ተለጠጠ ማለት ነው፣ ይሄ የተለመደ ነው፣ አንድ ጊዜ ቢሆን አይጎዳም፣ ሚጎዳው በየዙሩ ሲደጋገም ነው።

አንድ ነገር ግን አለ፣ አንዴ ብቻ የተተኮሰ ቀለሃ የቻምበሩን ልክ ሙሉ በሙሉ ላይሞላ ይችላል። ናስ ተለጥጦ ትንሽ መመለስ ይወዳል (የጥይት ናስ 70 ከመቶ መዳብ 30 ከመቶ ዚንክ ነው፣ እንደ ስፕሪንግ ነገር ነው) ስለዚ ባሩዱ ለስለስ ያለ ከሆነ ትከሻው ቻምበሩን ሳይነካ ሊቀር ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ሁለትና ሦስት ዙር አንገቱን ብቻ እያጠበባችሁ ተኩሱትና መርፌና ኢጀክተር በሌለው ቦልት ሞክሩት። ቦልቱ መጨረሻ ላይ ትንሽ ከበድ ሲል ቀለሃው ቻምበሩን ሞልቶታል። ያንን ለክታችሁ ጻፉ፣ የጠመንጃችሁ ቁጥር እሱ ነው፣ የዳይ ሳጥኑ ክዳን ላይ በማርከር ጻፉት፣ ወረቀት ይጠፋል።

ዳዩን ማሰር

ግባችን ቀላል ነው፣ ትከሻውን ከዛ ቁጥር 2 ሺህኛ ኢንች ብቻ ወደ ኋላ መግፋት። የኔ 1.625 ከሆነ ከዳይ ሲወጣ 1.623 እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ለኢላማ ብቻ ሚተኩስ ሰው 1 ሺህኛ ይበቃኛል ይላል፣ እኔ ለአደን አልመክርም፣ አቧራና በረዶ ባለበት 2 ነው ደጉ። አውቶማቲክ ሚተኩስ ከ3 እስከ 4 ይተውለት፣ እሱ ቦልቱን በእጁ ስለማይዘጋ።

ራሙን (ቀለሃውን ወደ ዳዩ ሚያስገባውን የፕሬሱን ዘንግ) ወደ ላይ አውጡ፣ ዳዩን አዙሩት ከሼል ሆልደሩ ጋር የአንድ ዳይም (የአሜሪካ 10 ሳንቲም) ውፍረት ያህል ክፍተት እስኪቀር። አንዱን ቀለሃ ቅባት ቀቡ፣ አስገቡ፣ አውጡ፣ ቅባቱን ጥረጉ፣ ለኩ። አሁን አትደንግጡ፣ ቁጥሩ ሊጨምር ይችላል፣ 1.625 የነበረው 1.628 ሊል ይችላል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ካሊፐሬ ተበላሸ ብሎ ይተወዋል። አልተበላሸም፣ ዳዩ መጀመሪያ የቀለሃውን ገላ ከጎን ነው ሚጨምቀው፣ ከጎን ሲጨመቅ ደሞ ናሱ መሄጃው ወደ ላይ ነው፣ ሊጥ በመዳፍ መሀል ሲጨመቅ በጣት መሀል እንደሚወጣው። ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል፣ የዳዩ ትከሻ ሲያገኘው ነው ወደ ታች ሚመለሰው። በዚህ መሀል ላይ ያቆመ ሰው ከመጀመሪያውም የባሰ ረጅም ቀለሃ ይዞ ይሄዳል፣ ቦልቱ አይዘጋለትም፣ ከዛ ባሩድ በዛብኝ ይላል።

ከዚህ በኋላ በትንሽ በትንሹ ወደ ታች ነው። የዳይ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነው፣ አንድ ሙሉ ዙር ወደ 71 ሺህኛ ይሆናል፣ ስለዚ 1 ሺህኛ ማለት 5 ዲግሪ ነው፣ የሰዓት ዘንግ አንድ ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ዓይን ይሄን አይለየውም፣ ለዛ ነው ማርከሩ፣ ዳዩ ላይ አንድ መስመር ፕሬሱ ላይ አንድ መስመር አስምሩ። ሩብ ዙር ጀምሩ፣ ቁጥሩ መውረድ ሲጀምር አንድ ስምንተኛ፣ ሲቀርብ የማርከሯን መስመር ውፍረት ያህል። በየጊዜው ሌላ የተተኮሰ ቀለሃ ተጠቀሙ ወይም ቢያንስ ያንኑ ደጋግማችሁ አትጭመቁት፣ ለዚህ ነው 5 ወይም 6 አንድ ዓይነት ቀለሃ አዘጋጁ ምለው።

ራሙ ጫፍ ድረስ ሲወጣ 3 ሰከንድ ያህል ያዙት፣ ናሱ ወደ ነበረበት መመለሱ ይቀንሳል፣ ከቀለሃ ቀለሃ ያለው ልዩነትም ይጠብባል። ልኩን ስታገኙ ቀለሃው ዳዩ ውስጥ እንዳለ፣ ራሙ እንደወጣ፣ የዳዩን ቀለበት እሰሩት። ባዶ ፕሬስ ላይ ብታስሩት ቀጥሎ ሲጫን ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ከዛ ካሊፐሩን አምናችሁ እንዳትጨርሱ፣ ያችን ቀለሃ መርፌ በሌለው ቦልት ዝጉባት። እጀታው በራሱ ክብደት መውረድ አለበት። በካሊፐሩና በቦልቱ መሀል ጠብ ከመጣ ቦልቱን እመኑ።

ዳዩ ሼል ሆልደሩን ነክቶም ቀለሃው አሁንም ከረዘመ ቻምበሩ ጠባብ ነው ወይ ዳዩ ረጅም ነው፣ ሌላ ሼል ሆልደር ሞክሩ፣ ካልሆነ ዳዩን ለሠሪው መመለስ ነው። በተቃራኒው ዳዩ እየነካ እንዲሠራ ምትፈልጉ ሬዲንግ ከተለመደው በ2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሺህኛ የሚረዝሙ ሼል ሆልደሮች በሴት ይሸጣል፣ ዳዩን ሳትነኩ ሆልደሩን በመቀየር ልኩን ማግኘት ነው። ውድ ነው ግን ሰነፍ ለሆነ ሰው (እኔን ጨምሮ) ሰላም ነው።

ቅባቱ

ይሄን በተለየ ርዕስ ያመጣሁት በቂ ባልተቀባ ቀለሃ ምክንያት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስላጠፋሁ ነው። ደረቅ ቀለሃ ዳይ ውስጥ ከገባ ይጣበቃል፣ ራሙን ስትስቡ ጠርዙ ይቀደድና ቀለሃው እዛው ይቀራል፣ ከዛ መሰርሰር፣ ጥርስ ማውጣት፣ በብሎን መጎተት ነው። ብዙዎቻችን ላኖሊንና 99 ከመቶ አልኮል ደባልቀን ነው ምንረጨው፣ አንድ እጅ ላኖሊን ለአስር ወይም አስራ ሁለት እጅ አልኮል። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ጠብቁ፣ አልኮሉ ሳይደርቅ ያስገባ ሰው ይጣበቅበታል። እሳት አጠገብ አትርጩ።

ትከሻው ላይ ግን አታብዙ፣ ቅባት አይጨመቅም፣ መሄጃ ሲያጣ ናሱን ይጎደጉደዋል፣ ትከሻው ላይ ትናንሽ ስርጉድ ካያችሁ ቅባት ነው። የአንገቱ ውስጥ ደሞ ትንሽ ይንካው፣ ካልሆነ ዳዩ ውስጥ ያለችው አንገቱን ከውስጥ ልክ ምታደርገው ኳስ ስትወጣ አንገቱን እየጎተተች ትወጣለች፣ የለፋችሁበትን 2 ሺህኛ መልሳ ትወስድባችኋለች። ስትወጣ እሪ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ውስጡ ደረቅ ነው።

ከዳይ በኋላ

ርዝመቱን ለኩ። ትከሻ ሲገፋ ናሱ ወደ አንገት ይሄዳል፣ ቀለሃው በየዙሩ ይረዝማል። ለ308 ጣሪያው 2.015 ኢንች ነው፣ ሚቆረጠው ወደ 2.005። ለ30-06 ጣሪያው 2.494፣ ሚቆረጠው 2.484። ይሄን ችላ ብትሉ የአንገቱ አፍ ከቻምበሩ ጫፍ ጋር ይጋጭና አረሩን አንቆ ይይዘዋል፣ አረር ሳይለቀቅ ግፊት ይጨምራል፣ እሱ ከሄድስፔስም የከፋ ነው። ከቆረጣችሁ በኋላ አፉን ከውስጥም ከውጭም አለስልሱ። በነገራችን ላይ ቀለሃ በትክክል 2 ሺህኛ ብቻ መግፋት ከጀመራችሁ በኋላ መቁረጥ በጣም ይቀንሳል፣ እኔ ድሮ በየዙሩ ነበር ምቆርጠው አሁን ሦስት ዙር አልፎ ነው።

ናሱ በየዙሩ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ደሞ ዳይ ውስጥ ገብቶ መመለሱ ይጨምራል፣ ስለዚ ዳዩን ሳትነኩት ከአምስት ዙር በኋላ 2 ሺህኛ የነበረው ግፊት ዜሮ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው አንገትና ትከሻውን በእሳት ማለስለስ ያለው፣ እኔ በሦስት በአራት ዙር አንዴ አደርገዋለሁ። እሱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ እዚህ አልገባበትም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ቂጡን እሳት ፈጽሞ እንዳይነካው፣ ቂጡ የለሰለሰ ቀለሃ ቦምብ ነው። ካላለሰለሳችሁ ደሞ ቢያንስ በየዙሩ ሦስት ቀለሃ ለክታችሁ ዳዩን አስተካክሉ።

ፍተሻ፣ ይሄ እንዳይዘለል። ከቂጡ ከፍ ብሎ ገላው ዙሪያ የሚያበራ ቀጭን ቀለበት ካያችሁ ተጠራጠሩ። ዳዩ ራሱ ሚተወው የማያስፈራ መስመር አለ፣ ስለዚ በዓይን ብቻ አትፍረዱ፣ የወረቀት ክሊፕ ዘርጉና ጫፉን ትንሽ ሹል አድርጋችሁ እጠፉት፣ በአንገቱ አስገብታችሁ ውስጡን ከታች ወደ ላይ ዳብሱት። ጫፉ ጎድጎድ ያለ ነገር ላይ ቀጭ ካለ ያ ቀለሃ ሊቆረጥ ነው፣ በፒንሳ አጣሙትና ጣሉት፣ ካላጣመማችሁት ማታ ተሳስታችሁ ትመልሱታላችሁ። አንዱ ላይ ካገኛችሁ የዛ ዙር ቀለሃ ሁሉ አንድ ዕድሜ ስለሆነ ሁሉንም ፈትሹ። ሌላው ምልክት ፕራይመር ነው፣ ለስለስ ባለ ባሩድ ተኩሳችሁ ፕራይመሩ ከቂጡ ወጣ ብሎ ከቀረ መሀል ላይ ክፍተት እንዳለ እየነገራችሁ ነው። ኃይለኛ ባሩድ ላይ ይሄ ምልክት አይታይም፣ ቂጡ ራሱ ወደ ኋላ ሄዶ መልሶ ይጨፈልቀዋል።

እዚህ ሰፈር አንድ ጋሼ አሉ፣ በጃንሆይ ጊዜ ወታደር የነበሩ፣ ኤም ዋን ይዘው የሠለጠኑ፣ ጋራዥ ገብተው እኔ በካሊፐር አንድ ቀለሃ ስለካ ባዩ ቁጥር ይስቁብኛል፣ "እኛ ተኩሰን የጣልነውን አንተ ታጥብና ትለካለህ" ይላሉ። ጋሼ እኮ በምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ይገበያዩበት ነበር ብላቸው ደሞ "ታዲያ ያኔም የሞላውን ነው እንጂ ቀለሃውን ማን ይቀበልሃል" አሉኝ። መልስ የለኝም።

ሥራው ካለቀ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የተተኮሰ ቀለሃና ፕራይመር ላይ እርሳስ አለ፣ ልጅ ያለበት ቤት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ቀለሃ ማጠቢያውን ሳህንም ከምግብ ዕቃ ለዩት።

ሳጥኑ ላይ ስንተኛ ዙር እንደሆነ፣ ትከሻው ስንት እንደተገፋ፣ መቼ እንደለሰለሰ ጻፉ። ሁለት 308 ላላችሁ ደሞ፣ ሁለቱ ቻምበሮች አንድ ዓይነት ናቸው ብላችሁ አትነሱ፣ የኔ ሁለቱ በ3 ሺህኛ ይለያያሉ። ወይ ለያንዳንዱ የራሱን ሳጥንና የራሱን ዳይ ስጡት፣ ወይ ሁለቱም ውስጥ እንዲገባ በአጭሩ ቻምበር ልክ ሥሩና ረጅሙ ላይ ቀለሃው ቶሎ እንደሚያልቅ ተቀበሉ። እኔ ሳጥን ለይቻለሁ፣ አንዱ ላይ ቀይ ቴፕ አንዱ ላይ ሰማያዊ።